ጂፒኤስ አጃቢ አይቀንስም

ጥያቄ፦ «በጎንደር አካባቢ ባለ ማረሚያ ቤት የአይሲቲ ሠራተኛ ነኝ። ታራሚዎችንና የቀጠሮ እስረኞችን ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት እናመላልሳለን። አሁን መኪኖቹ ላይ ጂፒኤስ ልናስገጥም አስበናል። አለቆቻችን ‹ጂፒኤስ ካለ አጃቢ መቀነስ ይቻላል› ይላሉ። መረጃ የምንለዋወጠው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የተጓዦች ስም ዝርዝር፣ ፎቶ፣ የመነሻ ሰዓት እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ ሥራ አቅልሎልናል። የቱን ሲስተም ብንገዛ ይሻላል? ካሜራስ እናስገጥም? ለቤተሰብስ ጉዞውን አስቀድሞ መንገር ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ግሩፕ ዝጉት። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ትልቁ ቀዳዳ ያለው መኪናው ላይ ሳይሆን ስልካችሁ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የተቆለፈ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከላኪ እስከ ተቀባይ ተቆልፎ የሚሄደው መልእክት በሁለት ሰዎች መካከል የሚከፈተው «ሚስጥራዊ ቻት» ብቻ ነው። የግሩፕ መልእክት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ በእያንዳንዱ አባል ስልክ ላይም ይከፈታል። ከዚህ የሚብሰው ግን የአባላቱ ጉዳይ ነው። ግሩፑን ይክፈቱና ስሞቹን አንድ በአንድ ይዩ። የተዛወረ አለ? ሥራ የለቀቀ አለ? የድሮ ስልኩን ለልጁ የሰጠስ? አንዱ ስልኩን ፒያሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ ቢረሳው፣ ያገኘው ሰው ወደ ላይ እየሳበ የወራት ጉዞ ያነባል። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ ከነፎቶው ያገኘዋል።

ስም፣ ሰዓትና መንገድ ለየብቻቸው ያን ያህል አይጎዱም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ግን አድፍጦ ለሚጠብቅ ሰው ሌላ ምንም አያስፈልገውም። አድፋጭ ሲባል ደግሞ እስረኛ ለማስመለጥ የሚመጣን ሰው ብቻ አታስቡ። በእኛ አካባቢ ባለደም አለ። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው ችሎት በሚቀርብበት ቀን የሟች ወገን በሩ ላይ ሊቆም ይችላል። አጃቢ እስረኛው እንዳያመልጥ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ እስረኛው እንዳይጠቃም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥፋተኛ ያልተባለን ሰው ከነፎቶውና ከነሰዓቱ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይህንን ግዴታ መጣስ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

ይህን ስል መረጃ ይታፈን ማለቴ አይደለም። የታፈነ መረጃም ሰው ያስገድላል። ግንቦት 6 ቀን 2016 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ እስረኛ ሩዋን ከሚገኘው ፍርድ ቤት ወደ ኤቭሩ ማረሚያ ቤት ሲመለስ፣ ኢንካርቪል በተባለ የመንገድ ክፍያ ጣቢያ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን ገጭተው አስቆሙት። ሁለት አጃቢዎች ተገደሉ፣ ሦስት ቆሰሉ፣ እስረኛው ጠፋ። የተያዘው ከወራት በኋላ ሩማኒያ ውስጥ ነው። ጥቃቱን የጣቢያው ካሜራ ቀርጾታል፤ ካሜራው ግን ማንንም አላዳነም። በኋላ የተደረገው ምርመራ ያሳየው ከካሜራ ጋር አይገናኝም። ስለ ሰውየው አደገኛነት የሚታወቀው ነገር በተለያዩ የፍትሕና የማረሚያ አካላት እጅ ተበታትኖ ነበር፤ አንዱ የያዘው ለሌላው በደንብ አልደረሰም። የአጀቡን ጥንካሬ የሚወስነው ክፍል ሙሉውን ሥዕል ካላየ በቂ አጀብ ሊመድብ አይችልም።

አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ለግል የእስረኛ አጓጓዥ ኩባንያዎች ያወጣችውን ሕግ ብናይ፣ መረጃው ወደ ማን እንደሚሄድ ለይቶ ያስቀምጣል። አደገኛ እስረኛ የጫነ መኪና በፕሮግራም የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ የዚያ አካባቢ ፖሊስ ከ24 ሰዓት በፊት ይነገረዋል። እስረኛ ካመለጠ ወዲያው ይነገራል። ለስድስት አደገኛ እስረኞች ቢያንስ አንድ ጠባቂ እንዲኖርም ይጠይቃል። የሚነገረው ለፖሊስ ነው፤ ምን እንደሚነገርና መቼ እንደሚነገርም ተቆርጧል።

እናንተም ይህንን ነው መቁረጥ ያለባችሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ ይወቅ? የበር ጠባቂው የሚወጣውን ሰው ቁጥርና ፎቶ ማየት አለበት፤ የት እንደሚሄድ ማወቅ አያስፈልገውም። የአጀብ መሪው መንገዱን፣ የአደጋ ደረጃውንና ማን ከማን ጋር አብሮ እንደማይጫን ማወቅ አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሁለት ደም የተቃቡ ወገኖችን አንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚመጣው ከክፋት አይደለም። ጸቡን የሚያውቀው የውስጥ ጥበቃ ክፍል ሆኖ፣ ጭነቱን የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ክፍል ስለሆነ ነው። ተቀባዩ ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል የሚመጣውን ሰው ብዛትና ሰዓቱን በስልክ ይሰማል። ቀሪው በወረቀት እጅ በእጅ ይደርሰዋል። ሹፌሩ ጠዋት ሲነሳ ነው መንገዱን የሚሰማው። መንገድና ሰዓት ደግሞ መለዋወጥ አለበት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ የሚሄድ መኪና ሚስጥሩን ለመንገደኛ ሁሉ ነግሯል።

አሁን ወደ ጂፒኤሱ። አለቆቻችሁ የሚሉት ስህተት ነው፤ ይህንን በጽሑፍ ብትነግሯቸው ይሻላል። ጂፒኤስ ተቀባይ መሣሪያ ነው። ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል። በዚያው አበቃ፤ ለማንም አይናገርም። ቦታውን ወደ ቢሮ የሚልከው ትራከሩ (መኪናው ላይ የሚገጠመው መከታተያ) ውስጥ ያለው ሲም ካርድ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ቢሮ ያለው ሰው የሚያየው መኪናው ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ ነው። ኔትወርክ ኖሮም ቢሆን ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ መኪናው የት እንዳለ ትናገራለች እንጂ ውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ አትናገርም። መኪና መንገድ ላይ ሲጠቃ ነጥቧ በትክክለኛው ቦታ ላይ ቆማ ትታያለች። አጃቢ በመቀነስ የሚገኝ ቁጠባ እዚያች ደቂቃ ላይ ይከፈላል። ትራከር የሚጠቅመው የመዘግየትን ምክንያት ለማወቅ፣ ከመንገድ መውጣትን ለማየት፣ ርዳታ ለመላክና በኋላ ለማጣራት ነው። ለዚህ ደግሞ በእርግጥ ይጠቅማል።

ለጎንደር ዙሪያ የሚመረጠው ትራከር አዲስ አበባ ውስጥ ለታክሲ ከሚመረጠው ይለያል። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል ያልፋል። ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ስትወርዱ ነገሩ ሌላ ነው። ገደልና ሸለቆ ባለበት ምልክት ይቆራረጣል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበርም አትርሱ። በዳታ ብቻ የሚሠራ ሲስተም በዚያ ሁሉ ጊዜ ጌጥ ነበር የሚሆነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ የተጓዘበትን በውስጡ መዝግቦ ይዞ ሲመለስ የሚልክ፣ ዳታ ከሌለም በኤስኤምኤስ የሚልክ፣ የመኪናው ባትሪ ቢነቀል በራሱ ባትሪ የሚቆይ ይሁን። የሬዲዮ መገናኛችሁ ካለ አታውርዱት።

ከመሣሪያው በላይ የሚያስፈልጋችሁ ዝምታን የሚመለከት ደንብ ነው። ነጥቧ ስትቆም ማን ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ያለ እስረኛ መንገዱን ሂዱና ምልክት የሚጠፋበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ። በተጻፈው ቦታ የሚመጣ ዝምታ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ግን ተረኛው ወዲያው ይደውላል። የአጀብ መሪው ካልመለሰ ቅርብ ላለው ፖሊስ ያሳውቃል። «ኔትወርክ ይሆናል» ብሎ ሻይ መጠጣት የለም። የጂፒኤስና የሞባይል ምልክትን ማፈን የሚቻል ነገር ስለሆነ፣ ያልተጠበቀ ዝምታ ራሱ እንደ ማንቂያ መቆጠር አለበት።

ሻጮች ሲመጡ በጣም የሚያሞግሱላችሁ ነገር አለ፤ ከቢሮ ሆኖ ሞተር ማጥፋት። አታስገጥሙ። ሞተር ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አብሮ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ እጁ በካቴና የታሰረ ሰው የጫነን መኪና ሞተር ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ያንን መንገድ የነዳ ሹፌር ይንገራችሁ። በዚያ ላይ ብዙ ርካሽ ትራከሮች ትእዛዝ የሚቀበሉት በኤስኤምኤስ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጡ «123456» የመሰለ የይለፍ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፣ የሚቀይረው ሰው ጥቂት ነው። የሲሙን ቁጥር ያወቀ ሁሉ መኪናችሁን ማዘዝ ይችላል ማለት ነው። የይለፍ ቁጥሩን በገጠማችሁ ቀን ቀይሩ። ትእዛዝ ከተወሰኑ ስልኮች ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። የጉዞ ታሪኩም በሻጩ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በማረሚያ ቤቶች ኮሚሽኑ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ማን ገብቶ እንዳየ የሚመዘግብ ካልሆነ አትቀበሉት።

ካሜራን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ፦ መጀመሪያ አየርና ውሃ። ጥር 2000 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራሊያ አንድ ሰው ከላቨርተን ወደ ካልጉርሊ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ በእስረኛ መኪና ሲጓዝ በሙቀት ሞተ። ከኋላ የተቀመጠበት ክፍል ማቀዝቀዣ አይሠራም ነበር። መኪናው መንገዱን አልሳተም። በካርታ ላይ ብታዩት ሁሉም ነገር ደህና ነው። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በአይከል በኩል ወደ መተማ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በታች ትገባላችሁ። ጠዋት አዘዞ ላይ ጋቢ ያስለበሰው ብርድ ከሰዓት በኋላ መተማ ላይ የለም። የተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ሰው መስኮት መክፈት አይችልም፣ ወርዶ ውሃ መግዛት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ በደንብ ቁጥር 73፣ በቂ አየርና ብርሃን በሌለው መኪና እስረኛ ማጓጓዝን ይከለክላሉ፤ እስረኛው በጉዞ ላይ በተቻለ መጠን ለሕዝብ ዓይን እንዳይጋለጥም ያዛሉ። ርካሽ የሙቀት መለኪያ ከኋላ ገጥማችሁ ንባቡን ጋቢና ውስጥ ማሳየት ከካሜራ ይልቅ ነፍስ ያድናል። እሱም ባይኖር፣ የአጀብ መሪው በተወሰነ ሰዓት መኪናውን አስቁሞ፣ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ይፈርም።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ርክክቡ ነው። ሰው የሚሳሳተው፣ መድኃኒት የሚጠፋው፣ ቀጠሮ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አይደለም። አንዱ ክፍል ለሌላው ሲያስረክብ ነው። ጠዋት በር ላይ ተረኛው ዝርዝሩን ይዞ «ዓለሙ!» ብሎ ይጣራል። አንድ ሰው «አቤት» ይላል። ወጣ። ግን ግቢው ውስጥ ስንት ዓለሙ አለ? የአባት ስም ጭምር የሚገጥም አይጠፋም። «ዓለሙ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ በተለይ መውጣት የሚፈልግ ከሆነ፣ «አዎ» ይላል። ጥያቄው «ስምህን እስከ አያትህ ንገረኝ» መሆን አለበት፤ ከዚያ ፎቶውና የመዝገብ ቁጥሩ ይታያል።

ኮምፒውተር ይህንን ችግር ያባብሰዋል እንጂ በራሱ አይፈታውም። ፖሊስ «ዓለሙ» ብሎ የጻፈውን ፍርድ ቤት «አለሙ» ይለዋል። «ፀሐይ» እናንተ ጋ «ጸሀይ» ትሆናለች። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ሲፈለጉ «አልተገኘም» ይላል። ሲስተም ሲሠራላችሁ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር በውሉ ላይ አስገቡ። ዋና መለያው ግን ስም ሳይሆን የራሳችሁ መዝገብ ቁጥር ይሁን። የፋይዳ ቁጥርን ለዚህ አትጠቀሙ። ሁሉም ታራሚ የለውም፤ በየበሩ በሚዞር ወረቀት ላይ መጻፉም ተገቢ አይደለም።

ሰዓትም ያጣላችኋል። ብዙ ትራከሮች የሚመዘግቡት በግሪንዊች ሰዓት ነው። መኪናችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሲወጣ ሪፖርቱ 06:00 ይላል፤ የአጀብ መሪው ስልክ 9:00 ይላል፤ መዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ «3፡00» ተጽፏል። ከወር በኋላ ሦስቱን የሚያስታርቅ ሰው አይገኝም። ቀኑም እንደዚያው። ጥቅምት 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥቅምት ግን በአንድ ቀን ይገፋል። በእጅ የሚቀየር ቀጠሮ አንድ ቀን ሲስት ሰው ያለ ችሎት ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የማይታሰበው ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። መቼ ተነሳችሁ፣ መቼ ደረሳችሁ የሚለው መዝገብ ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ጻፉ፤ ሲስተሙም ያንኑ ያሳይ።

ጤናን በተመለከተ ለአጃቢ የሚጻፈው ሕመሙ አይደለም፤ ማድረግ ያለበት ነገር ነው። «መስኮት ይከፈት፣ ማስክ ያድርግ።» «ማታ 2 ሰዓት ላይ የያዘውን መድኃኒት ይዋጥ።» «ከምሳ ሰዓት እንዳያልፍ ይብላ።» ይህ ለአጃቢ ይበቃዋል። የሕመሙ ስም ግን በታሸገ ፖስታ ከሐኪም ለሐኪም ይሂድ። የዝውውር ጉዞ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ አብሮ መጫኑን አረጋግጡ። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በዝውውር ምክንያት የተቋረጠ መድኃኒት የሚጎዳው እሱን ብቻ አይደለም፣ አብረውት ያሉትንም ነው።

ለቤተሰብ መንገር? ቀጠሮ ቀኑ በችሎት የተነገረ ስለሆነ ሚስጥር አይደለም፤ እናት ልጇን ለማየት ፍርድ ቤት ብትመጣ መብቷ ነው። የመነሻ ሰዓትና መንገድ ግን አይነገርም። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ዝውውር ሲሆን ከመነሳቱ በፊት አትናገሩ፤ በደረሰ ሰዓት ግን ራሱ እንዲደውል አድርጉ። ነገ ዛሬ አትበሉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ከቤተሰቡ፣ ከጠበቃው፣ ከሃይማኖት አባቱና ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል፤ የማንዴላ ደንቦችም መዛወሩን ወዲያው ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት አለው ይላሉ። ስንቅ ቋጥራ ከሩቅ ወረዳ በእግሯና በመኪና መጥታ «እዚህ የለም» ተብላ የምትመለስ እናት ልትኖር አይገባም። ጠበቃውም በዚያው ቀን ይወቅ።

የፕላዝማ ችሎት አንዳንዱን ጉዞ ጭራሽ ያስቀራል። ለቀጠሮ ማራዘሚያ ብቻ ሰው አጅቦ ከማመላለስ በስክሪን መቅረቡ ይሻላል። ምስክር በሚሰማበትና ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር መነጋገር በሚያስፈልገው ቀን ግን በአካል ይቅረብ። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቀንም እንዲሁ። ይህን የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤቱ ነው፤ እናንተ ልታመቻቹ ትችላላችሁ እንጂ ልትወስኑ አትችሉም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አጃቢ አይቀነስ። ግሩፑ በዚህ ሳምንት ይዘጋ፤ ከዚያ በፊት ፎቶዎቹና ዝርዝሮቹ ከሁሉም ወገን ይደምሰሱ። አንድ ገጽ የጉዞና የርክክብ ቅጽ አዘጋጁ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ፎቶ፣ የአደጋ ደረጃ፣ ከማን ጋር አይጫንም፣ የጤና መመሪያ፣ የተነሳበትና የደረሰበት ሰዓት፣ የአስረካቢና የተረካቢ ፊርማ። በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ቢሮ ይቅር፣ አንዱ ከአጀቡ ጋር ይሂድ፣ አንዱ ለተቀባዩ ይሰጥ። መጀመሪያ በአጭሩ መንገድ፣ ከግቢያችሁ እስከ ፍርድ ቤትና እስከ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ባለው ላይ ሞክሩት። የት ቦታ ባዶ እየቀረ እንደሚመጣ እዩ። ሶፍትዌሩም የሚሠራው ያንን ቅጽ ተከትሎ ነው፤ ቅጽ የሌለው መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ የሻጩን ልማድ ይገዛል። ትራከሩን ለሐምሌ 1 በጀት አቅዱት፤ እስከዚያ የዝምታ ደንባችሁና ምልክት የሚጠፋባቸው ቦታዎች ዝርዝር ተጽፎ ይጠብቀው።